ከየቤቱ አንድ ሰው

የቅሬያችን ጠሪ ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ ዛሬም ጆሮዬን እደፍናለሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ድምፁም ያምራል፤ መንዙማ ቢልበት ኖሮ አገር ይሰበስብ ነበር። ግን እናቴ የግራ እግሯን ያጣችው በዚህ ጥሪ ነው ስል ሰዎች ነገር ያበዛሁ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። እኛ ቤት ተቀምጦ ነገሩን ከመጀመሪያው ያየ ሰው እንደዚያ አይልም።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ አለበት። ሕጉ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሲጠራ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። አንድ ሰው ከወጣ ቤቱ ወጥቷል ይባላል። ማንም ካልወጣ ቤቱ ይቀጣል። ሁለት ሦስት ሆኖ የወጣ ቤት ካለም ይሳቅበታል፤ «ምነው፣ ቤታችሁን ለጅብ ተዋችሁት?» ይባላል። መቃብር የሚቆፈረውም፣ ጎርፍ የበላው መንገድ የሚሞላውም በዚሁ ሕግ ነው። መጥፎ ሕግ አይደለም። በመንደራችን ቀባሪ አጥቶ ያደረ ሬሳ የለም።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ለመንደሩ ልጆች፣ ለደረሶቻቸው፣ ቁርኣን ያቀራሉ፤ እናቴ ገብሱንም ከብቱንም ቤቱንም ትይዛለች። እኔ ከባሌ ጋር ከተፋታሁ ወዲህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ገበያው ዳር አንዲት የስፌት መኪና አለችኝ፤ ከመኪናዬና ከአፌ በቀር የምመካበት ነገር የለኝም።

የጤና ጣቢያው ነርስ ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት የመጣችው በበጋ ነው። ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። በየመንደሩ እየዞረች የስኳር በሽታ ምርመራ ብትጠራ ሰው አልወጣላትም። «ያልታመመ ሰው ምን ሊሠራ ሐኪም ፊት ይቆማል?» እያለ ሁሉም ወደ እርሻው ሄደ። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ያልታመመውን ነበር። ይሄ በሽታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ዓይን ወይ እግር ይዞ ነው የሚታወቀው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው መድኃኒቱ፣ ብላ ለዳኛው አስረዳች። «ለእኔ አይወጡም፤ ለእርስዎ ግን ይወጣሉ» አለችው። ዳኛው ደስ አለው። ማን ነው እንደዚህ ሲባል ደስ የማይለው?

ማታውን ጥሩምባው ተነፋ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነገ ጠዋት እህል ሳይቀምስ ከየቤቱ አንድ ሰው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይውጣ! የቀረ ይቀጣል!»

ነርሷ ዕድሜው የገፋ ሁሉ ይምጣ ነበር ያለችው። ዳኛው ለጠሪው «ለምርመራ ጥራ» አለው። ጠሪው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የጠራበትን አፍ ነው የከፈተው። ማንም ሆን ብሎ አላበላሸውም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። የምቆጣው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ጠዋት ወደ ሱቄ ስሄድ በሜዳው በኩል አለፍኩ። ሜዳው ጋቢና ጥምጣም ብቻ ነበር። ወንዶቹ ለመቃብር ቁፋሮ እንደሚቆሙት ተራ ይዘው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ከልማድ አካፋ ይዞ መጥቷል። ከሴቶች የወጡት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ብቻ ናቸው። ነርሷ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ «ሴቶቹስ?» ስትል ዳኛው ግራ ገብቶት አያት።

«ከየቤቱ ወጥቷል እኮ፣ ልጄ። የቀረ ቤት የለም» አላት።

ከእኛ ቤት የወጡት አባቴ ናቸው። እናቴም ሜዳው ላይ ነበረች፤ ግን ለመመርመር አይደለም። አባቴ እህል ሳይቀምሱ ስለወጡ ደማቸው እንደተወሰደ የሚበሉትን ቂንጬ በአገልግል ይዛ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ነርሷ የአባቴን ጣት ወግታ ጨርሳ መሣሪያዋን እያየች ሳለ ቀና አለችና «እማማ፣ እርስዎም ይቀመጡ፣ ልይዎት» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«አብሽሪ፣ ከእኛ ቤት ወጥቷል» አለች።

የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ጥሩ ቀልድ ነበርና እኔም ሳቅኩ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ የአባቴን ጣት ጥጥ አስይዛ በሚቀጥለው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲመጡ ነገረቻቸው።

ስኳር ተገኘባቸው። በሚቀጥለውም ቀን ሲደገም ያው ሆነ። ነርሷ ገና ጅምር ነው፣ ዓይንዎም ኩላሊትዎም እግርዎም ደህና ነው፣ በጊዜ ነው ያገኘነው፣ እድለኛ ነዎት አለቻቸው። አባቴ «እድለኛ» የምትለዋን ቃል ይዘው ወደ ቤት ተመለሱና ለሳምንታት ሲያኝኳት ከረሙ።

«ምንም ያመመኝ ነገር የለም። እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አቀራለሁ። ጣቴን ወጋችኝና በሽተኛ ነህ አለችኝ፤ ደግሞ እድለኛ ነህ አለችኝ። ማነው አሁን የወጋኝ፣ በሽታው ነው ሴትዮዋ?»

በሽታውን የተቀበለችው እናቴ ናት። የአባቴን ስኳር እንደ ልጅ አሳደገችው ማለት ይቻላል። ቀጠሮ ባላቸው ቁጥር አብራ ሄዳ ነርሷ የምትለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን አንዴ የሰማችውን አትጥልም። ላብ ካላባቸውና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ክኒኑ ስኳራቸውን አውርዶታል፣ ስኳር ስጫቸው ተብላለች። እግራቸው ሊደነዝዝ ይችላል፣ በየቀኑ እይው ተብላለች። ስለዚህ በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት ውሃ ታሞቃለች፣ ዝቅ ብላ እግራቸውን ታጥባለች፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አድርጋ በእኔ ስልክ መብራት በጣቶቻቸው መሀል ትፈልጋለች። አባቴ መጀመሪያ አፍረው እግራቸውን ይሰበስቡ ነበር። ኋላ ለመዱት፤ ጭራሽ ሲዘገይባቸው «ምነው ዛሬ እግሬ ተረሳ?» ይሉ ጀመር።

ምግባቸውን ለየችላቸው። ለእንግዳ የሚቀርበው ስኳር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ወግዲ ያለችው አክስቴ ማር ስትልክ፣ የደረሶቹ እናቶች በጁምዓ ጣፋጭ ዳቦ ሲያመጡ፣ አባቴ የማይበሉትን እናቴ ትበላዋለች። «ሪዝቅ አይጣልም» ትላለች። እሷ ቤት አላህ የሰጠው እህል ለውሻ እንኳ ሲሰጥ በዱዓ ነው። አባቴ በስህተት የጣፈጠ ሻይ ከተቀዳላቸው ከእጃቸው ወስዳ እሷ ትጨርሰዋለች። ነርሷ በኋላ ስኳር መብላት ብቻውን ይህን በሽታ አያመጣም፣ ራስሽን አታስጨንቂ ብላኛለች። አልተጨነቅኩም። ግን ያንን ብርጭቆ ከአባቴ እጅ ወደ እናቴ አፍ ሲሄድ እስካሁን አየዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር አባቴ ተሻላቸው። ሳይታመሙ የተሻላቸው ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ሱሪያቸውን ከወገቡ ሁለቴ አጠበብኩት። ሌሊት ለሽንት መነሳታቸው ቀረ፤ ለካ ያ ሁሉ ዓመት እርጅና ያልነው እርጅና አልነበረም። የቁርኣኑን ጥቃቅን ጽሑፍ እንደ ወጣት ያነቡ ጀመር። ጣት መወጋት ይሄን ካመጣ ሁላችንንም ውጉን የሚያሰኝ ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገርም መጣ። መንገዱ በአሁኑ ዘመን አንዴ ክፍት ነው፣ አንዴ ዝግ ነው። ሲዘጋ መድኃኒቱ ይጠፋል፤ ያኔ አባቴ ቁጭ ብለው በሰውነታቸው ውስጥ የሚሆነውን ያዳምጣሉ። ሳያውቁ ያለ መድኃኒት የኖሩት ሰውዬ፣ ካወቁ በኋላ መድኃኒት ያጡበትን ሳምንት እንደ ሞት ይፈሩት ጀመር። ሠርግ ቤት ሲጠሩ «እሳቸው ይሄን አይበሉም» እየተባለ ለብቻቸው ይቀርብላቸዋል። ሰው አዝኖላቸው ነው የሚያደርገው፤ እሳቸው ግን ሠርግ መሄድ ተዉ። በሽታው ገና ምንም ሳያደርጋቸው ስሙ ብቻ ከሰው ለያቸው።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ጾም አፍርሰው አያውቁም። ነርሷ ይጾሙ እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን ክኒን ሊነጋ ሲል በሱሁር አንድ ላይ ዋጡት። ቀን መዋጥ ክልክል ነው፣ መድኃኒት መተው ደግሞ አደራ መብላት ነው ብለው አሰቡ። በእሳቸው ሒሳብ ሁለቱንም ትእዛዝ ጠብቀዋል።

የዐስር ሶላት ሰዓት ላይ ነው። ደረሶቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ጮክ ብለው ይቀራሉ፤ እኔ ሱቄን ቶሎ ዘግቼ ቤት ነበርኩ። አባቴ የአንዱን ልጅ ስህተት ሲያርሙ ራሳቸው ተሳሳቱ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ተሳስተው ስለማያውቁ ሆን ብለው የሚፈትኗቸው መስሏቸው ነበር። አባቴ እንደገና ተሳሳቱ፤ ያኔ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አባቴ ወደ ጎን ዘንበል አሉና ተኙ፤ ግንባራቸው ላይ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ጅን ነው አለ፣ አንዱ ውሃ አምጡ አለ። እናቴ ከቤት ስትወጣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የስኳር ጣሳ ይዛ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ሴትዮ አበድሽ? በስኳር የታመመን ሰው በስኳር ልትገድዪው ነው? ደግሞ ጾመኛን!»

«ልቀቂኝ! ዘወር በሉ!»

እናቴ በወንዶች መሀል ስትጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስኳሩን በውሃ አርሳ በጣቷ ድዳቸው ላይ ትቀባቸው ጀመር። ሰው ሁሉ ስትገድላቸው እንደሚያይ ሆኖ ቆሟል። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። አፋቸውን ላስ ላስ አደረጉና ያሉት የመጀመሪያ ነገር «ጾሜን አስፈታሽኝ» ነው።

«አዎ። ጀነት ሲገቡ ይክሰሱኝ» አለቻቸው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ነርሷ ስትሰማ እየሮጠች መጣች። «ጾመኛ እንደሆኑ ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው። «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። መድኃኒቱን አስተካከለችላቸው፤ አባቴም ሸሆቹን ጠይቀው የሕመምተኛ ፈቃድ እንዳላቸው ሰሙና ከዚያ ወዲህ በጾሙ ፈንታ ምስኪን ያበላሉ። ስለዚህ የእሳቸው ነገር በደህና አለቀ። የመንደሩ ነገር ግን አላለቀም።

መንደሩ ፍርዱን በዚያው ሳምንት ሰጠ፤ ሰውየውን የጣላቸው ምርመራው ነው። ደህና ሰው ነበሩ፣ ተወጉ፣ ክኒን ተሰጣቸው፣ ወደቁ። ማን ይህን ሊክድ ይችላል? በቅደም ተከተል የሆነው እንደዚያው ነው። ስኳር የተገኘባቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ክኒናቸውን ጣሉ። ነርሷ እንደገና ስትመጣ የቅሬው ዳኛ በር ላይ አነጋግሮ መለሳት። ጥሩምባውም ስለ ምርመራ ዝም አለ።

በዚያን ጊዜ ነው የእናቴን የውሃ ጣሳ ያስተዋልኩት።

እናቴ ውሃ ትጠጣለች። በረመዳን ማግስት የጾሙ ጥማት ነው አልን። በሚቀጥለው ወር የሥራው ነው አልን። ከብት ስትጠብቅ ጄሪካን ይዛ ትሄድ ጀመር። ለዒድ የሰፋሁላት ቀሚስ በዓረፋ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። «ከሳሽ እኮ፣ እማ» ስላት «ለዕድሜዬ ያምርብኛል» አለችኝና ዞር ብላ አሳየችኝ። ቀሚሱን ለማጥበብ ስለካት ሜትሩን ሁለቴ አየሁት። በሥራዬ ብዙ ሰው ከስቶ አይቻለሁ፤ እንደዚህ እየበላ የሚከሳ ግን አንድም ጥሩ ነገር ገጥሞት አላየሁም።

ሱቄ ስትመጣ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፤ ዓይኗ ከእኔ ይሻል ነበርና። አንድ ቀን ክሩን በመርፌው ጎን ደጋግማ ሰደደችው። ሳቀችና «መርፌሽ ቀዳዳ የለውም» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ጫማዋን አውልቃ መሬቱን እየረገጠች «እግሬ ጥጥ ላይ የቆመ ይመስለኛል» አለች። እንደሚያስቅ ነገር ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ነርሷ ለአባቴ እግርዎ ጥጥ የረገጠ ከመሰለዎት ይምጡ ስትል እናቴም እኔም ቁጭ ብለን ሰምተናል።

«ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት።

«ከእኛ ቤት ወጥቷል» አለችኝ።

«እማ፣ ይሄ መቃብር ቁፋሮ አይደለም!»

ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አባቴ እንዳይሰሙ ነው።

«አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ አይችልም፣ ልጄ። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ያስታምማል። እኔም ገብቼ ከተኛሁ የእሳቸውን እግር ማን ያየዋል?»

ተጣላን። እኔ ስቆጣ አፌ አይያዝም፤ ያልኳትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። በመጨረሻ እጇን ይዤ እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ነርሷ ስታየን ፊቷ ጠቆረ። መንገዱ ተዘግቶ የመመርመሪያዋ ወረቀት አልቋል፤ ገበያው ዳር ያለው የግል ክሊኒክ ጋም የለም። ምልክቶቹን ጠይቃት ብዙ ጻፈችና፣ መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት አለቻት። እናቴ ስትወጣ ከእስር እንደተፈታ ሰው ቀለላት። «አየሽ፣ አላህ አልፈለገውም» አለችኝ። በመንገድ ላይ ሁሉ ደስ ብሏት ታወራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ እየሄድኩ እግሯ አፈሩን እንዴት እንደሚረግጥ አያለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ያን ቀን ፈርቼ ነበር።

ወረቀቱ ሳይመጣ ብርድ ገባ። በእኛ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፤ ማታ ማታ ሰው ከከሰል ማንደጃ አይርቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ እናቴ እንደ ልማዷ የአባቴን እግር አጥባ ጭኗ ላይ አድርጋ እያየች ነው። እኔ በር አጠገብ የልብስ ቁልፍ እተክላለሁ። እናቴ አልታለብም ስላለች አንዲት ላም ታወራለች፣ አባቴ ይስቃሉ። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ። ቆዳ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ነው።

«አባ፣ ጫማዎ እሳት ጋ ነው መሰለኝ» አልኩ።

አባቴ ጫማቸውን ፈለጉ። ጫማቸው በሩ ጋ ነው ያለው። እናቴ ላሚቱ በርግጫ የማለቢያ ቅሏን እንደሰበረችባት ትናገራለች። ቀና ብዬ አየሁ። ከማንደጃው አንድ ፍም ወድቆ መሬት ላይ አለ፤ የእናቴ ግራ ተረከዝ እሱ ላይ አርፏል። ጭሱ ቀጭን ነው። እሷ የአባቴን እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ የስልኩን መብራት በጣቶቻቸው መሀል እያበራች፣ ወሬዋን አላቋረጠችም።

አባቴ አዩ። እግራቸውን ከጭኗ ነጥቀው ተነሱና እሷን ከነበርጩማዋ ወደ ኋላ ጎተቷት። እሷ ግራ ገብቷት ሁለታችንንም አየችን።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለች።

ቁስሉ አልዳነም። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት አጠቡላት፣ ጠቀለሉላት፤ ስኳሯም ያኔ ታወቀ። መድኃኒት ጀመረች፤ ግን ተረከዙ ጠቆረ፣ ጥቁረቱም ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ደሴ ውሰዷት ተባልን። መንገዱ እስኪከፈት በየማለዳው መነኸሪያ ሄጄ እመለሳለሁ፤ እያንዳንዱ ያለፈ ቀን በእግሯ ላይ ይታይ ነበር። ሲከፈት አባቴ አብረው መጡ። አቀስታ ስንደርስ ሽታው በመኪናው ውስጥ ታውቆ ሰዎች መስኮት መክፈት ጀመሩ፤ የጉጉፍቱ ደጋ ብርድ ገባ፣ ማንም ግን ዝጉ አላለም። እናቴ አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ደሴ ያገኘን ሐኪም ትሑት ሰው ነበር። እግሯን አገላብጦ አየና ፋሻውን መልሶ ሸፈነው። ከዚያ ከወንበሩ ወርዶ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ጠየቃት።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ለስኳር ተመርምረው አያውቁም? በአካባቢያችሁ ምርመራ አልነበረም?»

እናቴ ይህን ጥያቄ እንደ ወቀሳ ነው የሰማችው። ቤታችን ከቅሬ የቀረ፣ ግዴታውን ያልተወጣ ቤት እንዳይመስለው ከትራሷ ቀና አለች።

«እንዴታ!» አለችው፤ «ከእኛ ቤት እኮ ወጥቷል። እሳቸው ወጥተዋል።»

ሐኪሙ አልገባውም፤ ወደ አባቴ ዞሮ ተመለከታቸው። አባቴ የተወጋችውን ጣታቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። እግሯ በማግስቱ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ከደሴ ስንመለስ የቅሬው ዳኛ ቤት ገባሁ። እንደ ሽማግሌ አላናገርኩትም፤ እሱም ተቀምጦ ሰማኝ። ነርሷ እንደገና ስትመጣ ጠሪው ጉብታው ላይ ወጣና በዚያ ባማረ ድምፁ «ሰው ሁሉ ይውጣ! ወንዱም ሴቱም! ከየቤቱ ሁሉም ይውጣ!» ብሎ ጮኸ። ጠዋት ሜዳው ባዶ ነበር። አንድ ሰው ይውጣ ሲባል አንድ ሰው ይወጣል፤ ሁሉም ይውጣ ሲባል እያንዳንዱ በሌላው አሳቦ ይቀራል። ቅጣቱስ በማን ላይ ይቆጠራል? ከነርሷ ጠረጴዛ ፊት የቆምነው እናቴ በክራንቿ፣ አባቴ፣ እኔ፣ ጥቂት ሴቶችም ነበርን። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሰዎች «ቤታችሁን ለጅብ ተዋችሁት?» ብለው አልሳቁብንም፤ ፈርተውን ዞረው ሄዱ።

ጣቴን ወጋችኝ። የለኝም። ግን ደህናም አይደለሁም፤ ድንበሩ ላይ ነሽ አለችኝ። ከተጠነቀቅሽ ላይመጣ ይችላል፤ መድኃኒትም አያስፈልግሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ስጠጣ አስባለሁ፣ ውሃ ሲጠማኝ እደነግጣለሁ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ባቃተኝ ቁጥር አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላውን እፈትናለሁ። ባላውቀው ይሻል ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ደግሞ እቤታችን ግድግዳ ላይ የተደገፈው ክራንች ነው። ማወቅም ሸክም ነው፤ ሆኖም ይህንኛውን ሸክም በሁለት እግር ነው የምሸከመው።

አሁን ከመግሪብ በፊት አባቴ ውሃ ያሞቃሉ። ዝቅ ብለው የእናቴን የቀረውን እግር ያጥባሉ፤ እሷ ታፍራለች፣ «ይተዉ፣ የእርስዎ ሥራ አይደለም» ትላለች፤ እሳቸው ማጠባቸውን ይቀጥላሉ። እሳቸው ሲጨርሱ እናቴ የስልኬን መብራት ታበራና ወደ እኔ ትዞራለች።

«እግርሽን አምጪ።»

ነርሷ የአንቺን እግር ገና ማየት አያስፈልግም ብላኛለች፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

«ገና አልታመምኩም እኮ፣ እማ» እላታለሁ።

«እኔም አልታመምኩም ነበር» ትለኛለች። እግሬን እዘረጋላታለሁ።